በሱ ቁልፍ

ስሙ ስክሪኑ ላይ አሥራ አራት ጊዜ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ ቆጥራዋለች። በየመስመሩ መጀመሪያ የሱ ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ አንድ ትእዛዝ፣ ከትእዛዙ ቀጥሎ «ተፈጽሟል» የምትል ደረቅ ቃል። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ የስድስት ዓመት የሕመምተኞች የምርመራ ውጤት ከሩቁ ማሽን እልም ብሎ ጠፍቷል።

«ፕሪንት አድርገሽ አምጪልኝ» ብሏት ነበር ወንድሟ ጠዋት፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ። «ከስንብት ደብዳቤው ጋር አያይዘዋለሁ። አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል።»

ማን እንደሚደርስ አልጠየቀችም። «እሺ ጋሼ» ብላ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠች፤ ወረቀቱን ግን እስካሁን አላወጣችውም። ሰባት ወር ሙሉ የናፈቀችው ሰው ዛሬ ይመጣል፣ እሷ ደግሞ በገዛ እጇ የመባረሪያውን ማስረጃ ታዘጋጅለታለች። ናፍቆቱና ቁጣው ተደባልቀውባት የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቅቷታል።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። የወንድሟ ድርጅት የሆስፒታሎችን መረጃ የያዙ ሰርቨሮችን ይጠብቃል። ሰርቨሮቹ ያሉት እዚህ አይደለም፤ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት በሚያስኬድ ትንሽ ከተማ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ሌት ተቀን ያጓራሉ። እዚህ ያለው ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ኤስኤስኤች በሚባለው መስመር ገብቶ እዚያ ያለውን ማሽን ያዛል። መግቢያው ቁልፍ ነው። የብረት አይደለም፣ ኮምፒውተር ውስጥ የምትቀመጥ አጭር ፋይል ናት። ማሽኑ የሰው ፊት አያይም። ቁልፉን ያያል፣ የባለቁልፉን ስም ይመዘግባል፣ በሩን ይከፍታል።

ስሙ አሥራ አራት ጊዜ የተጻፈው ሰው የዚህ ድርጅት የበር ዘበኛ ልጅ ነው። አባቱ ዛሬም በሩ ላይ የመኪና ሰሌዳ ሲመዘግቡ፣ ልጃቸው ፎቅ ላይ ወጥቶ ከሁሉም በላይ ማሽን የሚያውቅ ሰው ሆነ። ቢሮው ግን «አይቸኩሌ» ነው የሚለው። አንድ ትእዛዝ ከጻፈ በኋላ፣ ማስፈጸሚያዋን «ኢንተር» ከመጫኑ በፊት፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያስኬደ ሦስት ጊዜ ያነበዋል። አለቃው አጠገቡ ቆሞ ቢቆጣም፣ ጣራው ቢያፈስም ሦስት ነው። እሷን ደግሞ «ጥድፊያ» ያላት እሱ ነው። ሻይ ሳይበርድ ጠጥታ ምላሷን የምታቃጥል፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ የምትሰጥ ሴት ናት። እንዴት ተዋደዱ ቢባል እንጃ። ምናልባት እሷ ስታጣድፈው፣ እሱ ሲያዘገያት መሃል ላይ ተገናኝተው ይሆናል።

ወንድሟ ደረጃው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ያገኛቸው ቀን ድምፁን ከፍ አላደረገም። በሳምንቱ ለልጁ «ዕድገት» ሰጠው፤ የሩቁ ክፍል ኃላፊ አደረገው። እዚያ ከሱ ሌላ ሠራተኛ ስለሌለ የማን ኃላፊ እንደሆነ የጠየቀ አልተገኘም።

ሊሄድ ሲል የቁልፉን ግልባጭ ኮምፒውተሯ ውስጥ አስቀመጠላት። የሷ ቁልፍ ሩቁን ማሽን አይከፍትም፤ ወንድሟ እንዲከፍት አልፈለገም። «ሕጉ አይፈቅድም» አላት፣ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ሕግ ሲጥስ ጆሮው ቀልቶ። «ግን የሆነ ነገር ቢበላሽና እኔን ብታጪኝ፣ በር ላይ እንዳትቀሪ።» ከዚያ በኋላ የተገናኙት በደብዳቤ ብቻ ነው። ስልኳ በድርጅቱ ስም ስለሆነ ወንድሟ ማን እንደደወለላት ያያል። ደብዳቤዎቹ ግን በአባትየው ኮፍያ ሥር እየተደበቁ ይገቡ ነበር፣ ማን የዘበኛ ኮፍያ ይፈትሻል?

የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አጭር ነበር። «ቤታችሁ ለምሳ ስለሚመጣው ሰው ሰማሁ። የወንድምሽ ወዳጅ ልጅ ነው አሉ፣ የተማረ ነው አሉ። አንድ ነገር ላደርግ ወስኛለሁ። ስትሰሚው ትገረሚያለሽ።» ያኔ አንብባው ግራ ገብቷት ነበር። ትናንት ጠዋት ግን የአንድ ሆስፒታል የላብራቶሪ ኃላፊ «የአንድ ሕመምተኛ የድሮ ውጤት አጣሁ» ብላ ደወለች፤ ሲፈለግ የጠፋው የአንዱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሆኖ ተገኘ። የጠፋበት ቀን ሲታይ ደግሞ ያ የምሳ ቀን ነው። ነገሩ ገጠመላት። በመጥፎ መንገድ ገጠመላት።

ወንድሟ ደውሎ በድምፅ ማጉያ ሲጠይቀው አጠገቡ ቆማ ነበር። «ይህን ያደረግከው አንተ ነህ?» ከወዲያ ማዶ ረጅም ዝምታ ሆነ፣ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ለማንበብ የሚበቃ ዝምታ። ከዚያ የምትወደው ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ። ግን ግልባጭ አለኝ፣ ልመልሰው—»

«ጣትህ ከእንግዲህ ማሽኔን አይነካም!» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። እዚያው ቆሞ መግቢያውንም ቆረጠው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አለች እሷም በሆዷ፤ ሌሊቱን ግን በፈረሱ ሳይሆን በራሷ ስታለቅስ አደረች።

*

ከአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲያልፍ በመስኮቱ አየችው። ትንሽ ሻንጣ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። አባቱ ከወንበራቸው ተነሱ፣ አላቀፉትም። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉለት፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፣ ከዚያ የእንግዶች መዝገብ ዘርግተው ልጃቸውን እንደማንኛውም እንግዳ አስፈረሙት። ትእዛዙ ከላይ የመጣ መሆን አለበት። ልታዝንለት ሲቃጣት በራሷ ተናደደች።

መተላለፊያው ላይ ጠበቀችው። ከስቷል። ዓይኖቹ ግን ያው ናቸው፤ ሰው ላይ ሲያርፉ ሌላ ቦታ የሚሄዱበት ያላቸው አይመስሉም።

«ለምን?» አለችው፣ ሰላም ሳትለው።

«ደህና ነሽ?»

«ለምን ነው የምልህ! በኔ ከተናደድክ እኔን ስደበኝ። ጋሼን ከጠላኸው ከሱ ጋር ተጣላ። ሕመምተኞቹ ምን አደረጉህ?»

ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ፊቷን እያየ ሳለ ዓይኑ ውስጥ ቦግ ብሎ የነበረ ነገር ቀስ እያለ ሲጠፋ በግልጽ ታያት።

«አመንሽው?» አለ።

«ራስህ እኮ ነህ ‹እኔ ነኝ› ያልከው! በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ሰምተሻል። አንብበሻል ግን?»

«አሥራ አራቱንም መስመር!»

«ጥድፊያ» አለ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ስሙን ሲሰጣት ይስቅ የነበረ ሰው አሁን ሳይስቅ። «አንቺ ስሜን ብቻ ነው ያነበብሽው።»

ሻንጣውን አንስቶ ወደ ስብሰባው ክፍል ገባ። ቁጣዋ እዚያው ቆሞ ነበር፣ ግን መሠረቱ እንደተነቀነቀ ግድግዳ አሁን ልትደገፍበት ፈራች።

*

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ «እሺ ባዩን» ከፈተችው።

እሺ ባዩ ሰው አይደለም። ድርጅቱ በዚህ ዓመት ያስገባው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ነው። የምትፈልጊውን ነገር እንደ ሰው በአማርኛ ትነግሪዋለሽ፤ እሱ ወደ ማሽን ቋንቋ ለውጦ፣ በኤስኤስኤች መስመር ገብቶ፣ ሩቅ ያለውን ሰርቨር አዝዞ ይመለሳል። ከባድ ነገር ሲሆን ሊያደርግ ያሰበውን ዘርዝሮ «ልፈጽም?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ካልሽው እሺ ነው። ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

አሥራ አራቱን መስመሮች እንደገና ዘረጋች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አስቀመጠች፣ ልክ እንደሱ። አንደኛ ጊዜ ስሙን አለፈችው። ሁለተኛ ጊዜ ትእዛዙን አለፈችው። ሦስተኛ ጊዜ ጣቷ እስከ መስመሩ ጫፍ ሄደች፣ እዚያም ማንም የማያየው አንድ ረጅም ቁጥር አለ። ትእዛዙ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደተነሳ የሚናገር ቁጥር ነው።

«ይህ ቁጥር የማን ኮምፒውተር ነው?» ብላ ጻፈች።

መልሱ ወዲያው መጣ። «የዚህ ኮምፒውተር ነው። ትእዛዞቹን የፈጸምኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ በተቀመጠው ቁልፍ ገብቼ፣ በእርስዎ ጥያቄ። የዕለቱን ንግግራችንን ላሳይዎት?»

«አሳየኝ።»

የራሷ ቃላት ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። «ሩቁ ማሽን ሞላሁ እያለ ይጮሃል። ሁለት ወር ያልተከፈተውን ሁሉ አጥፋልኝ። ቶሎ በል፣ ልወጣ ነው።»

ከሥሩ የእሺ ባዩ መልስ ነበር። «ሁለት ወር ካልተከፈቱት ፋይሎች ውስጥ የሕመምተኞች የቀድሞ ውጤቶች ይገኛሉ። ሕመምተኛው እስኪመለስ ድረስ የማይከፈቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ልፈጽም?»

ከዚያም ሥር እንደገና የሷ ቃል። «አዎ። ደግመህ አትጠይቀኝ።»

ትዝ አላት። ወንድሟ ከታች ጥሩንባ እየነፋ፣ እንግዳው ቤት እየጠበቀ፣ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ሌላው በካልሲ ነበር። ያን ምሳ ቶሎ በልታ ቶሎ ለመገላገል ስትሮጥ ጥያቄውን ሳታነብ መለሰችው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሷ ግን አፍስሳ ለሌላ ሰው አስለቀመች።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። የየጠረጴዛውን መስመር የዘረጋው እሱ ነው፣ ቁጥሮቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። ትናንት በዚያች ረጅም ዝምታ ውስጥ የመስመሩን ጫፍ አንብቧል። የሷ ጠረጴዛ መሆኑን አውቋል። አውቆ ነው «እኔ ነኝ» ያለው። እሷ ደግሞ ስታለቅስ አድራ፣ ቅድም መተላለፊያ ላይ ጠብቃ፣ ሕመምተኞቹ ምን አደረጉህ አለችው። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፣ ምድር ግን አልቸኮለችም።

*

በሩን ሳታንኳኳ ስትገባ ወንድሟ እስክሪብቶውን ወደ ልጁ እየገፋ ነበር። የላብራቶሪ ኃላፊዋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ጎልማሳ ሴት፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ደጋግማ ሰዓቷን ታያለች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች።

ሁሉም ዞሩ። እሱ ከወንበሩ ብድግ አለ። «እሷ አይደለችም። እኔን ለማዳን ብላ ነው።»

«አንተ ዝም በል!» አለችው፣ እንባዋ እየወረደ። «አንድ ቀን እንኳ እኔ ያጠፋሁትን እኔ ልናገር!» ያወጣችውን ወረቀት ወንድሟ ፊት አስቀመጠች። የምትወደው ሰው ስም ያለበትን አይደለም፣ የራሷ ቃላት ያሉበትን።

ወንድሟ አነበበ። ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያም «ደግመህ አትጠይቀኝ» የምትለው ላይ ቆመ። ፊቱ ተለዋወጠ። እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ለመነሳት ሰበብ ይፈልግ ነበርና አገኘው።

«ቁልፉን ማን ሰጣት?»

«እኔ» አለ ልጁ። «እሱ ጥፋት የኔ ነው። አልክድም።»

«አየሽ? አየሽ ይሄን? ከድርጅቴ በር ላይ አንስቼ ሰው ባደረግሁት—»

«ጋሼ፣ እሱን ሰው ያደረጉት አባቱ ናቸው» አለች። እንዲህ መልሳለት አታውቅም።

ቀጥላ የተናገረችው የላብራቶሪ ኃላፊዋ ናት። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ማን እንዳጠፋው በኋላ ትነጋገሩበታላችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሞች ይሰበሰባሉ። አንድ የሦስት ልጆች አባት ቀዶ ጥገና ይደረግለት አይደረግለት የሚወስኑት የዛሬውን ውጤት ከዛሬ ሁለት ዓመቱ ጋር አስተያይተው ነው። የዛሬ ሁለት ዓመቱ የት አለ?»

«ግልባጩ ላይ» አለ ልጁ። «እኔ ጠረጴዛ ሥር ባለች አሮጌ ማሽን ላይ አለ። ትናንትም ብያለሁ።»

ወንድሟ ጥርሱን ነከሰ። ሰዓቱን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ በመጨረሻ እህቱን አየ። «አንተ አትነካም። መግቢያህን ለአንድ ሰዓት እከፍተዋለሁ። እሷ ትሥራው፣ እኔ ቆሜ እያየሁ።»

*

እሺ ባዩ ከሷ ኮምፒውተር ጋር ተያይዞ የስብሰባው ክፍል ግድግዳ ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ተከፈተ። ወንድሟ በግራ፣ ሴትዮዋ በቀኝ፣ እሱ ከኋላዋ። እንደዚህ ቀርቧት ከቆመ ሰባት ወር ሆኖታል፣ ዞራ ልታየው ግን አልደፈረችም።

«በሩቁ ክፍል ወዳለችው አሮጌ ማሽን ግባና የሕመምተኞቹን ግልባጭ ፈልግ» ብላ ጻፈች።

«ገብቻለሁ። ግልባጩ ተገኝቷል፣ የጎደለው የለም» አለ እሺ ባዩ። «ፎልደሩ ውስጥ ‹ይህን ሳታነብ አትንካ› የሚል ማስታወሻ አለ። ይዘቱ የሚከተለው ነው።»

ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳያቆመው፣ ማስታወሻው ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ወጣ።

«ይህን ግልባጭ በየዓርቡ የማስቀምጠው ማንም አዝዞኝ አይደለም። ይጨመርበታል እንጂ አይቀነስበትም። የምወዳት ሰው ትቸኩላለች። አንድ ቀን ስትቸኩል የሆነ ነገር ከእጇ ቢወድቅ፣ መሬት ሳይደርስ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። እኔ በሌለሁበት ይህን የምታነብ ሰው፣ አደራ፣ አትቆጣት።»

የላብራቶሪ ኃላፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደችና ያነበበችውን እንደገና አነበበች። ከኋላዋ የቆመው ሰው መስኮት መስኮቱን እያየ፣ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቷል። እሷ ፊደሎቹ በእንባ ተደባልቀውባት ምንም አይታያትም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ወንድሟ፣ ድምፁ ከወትሮው ሻከር ብሎ። «ሰዓቱ ይሄዳል፣ መልሺው!»

በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠራርጋ ጻፈች። «ሁለቱን ማሽኖች አንድ ዓይነት አድርጋቸው።»

«ዕቅዱ ይህ ነው» አለ እሺ ባዩ። «መነሻ፦ ዋናው ማሽን። መድረሻ፦ ግልባጩ ያለበት ማሽን። በመድረሻው ላይ ከመነሻው የሚተርፈውን አጥፋ። ልፈጽም?»

«አዎ በይው!» አለ ወንድሟ።

ጣቷ ፊደሉ ላይ ደረሰች። «አ» ብላ ጽፋለች። «ዎ» ልትጽፍ ነው።

ቆመች።

«በያ!»

«ጋሼ፣ አንዴ» አለች። ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አደረገች። አንድ ጊዜ አነበበች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሴትዮዋ ሰዓት ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አነበበች። ወንድሟ በንዴት አቃሰተ። ሦስተኛ ጊዜ፣ ቃል በቃል፣ ድምፅ አውጥታ አነበበች። «መነሻ... ዋናው። ዋናው ግን ባዶ ነው። መድረሻ... ግልባጩ። የሚተርፈውን አጥፋ።» ደሟ ከፊቷ ላይ ሸሸ። «ተገልብጧል። ከባዶው ወደ ሙሉው ነው የሚሄደው። አዎ ብዬው ቢሆን ኖሮ ግልባጩም ይጠፋ ነበር።»

ዞር ስትል እሱ ከኋላዋ የለም። ኪቦርዱ አጠገብ ደርሶ ገመዱን ሊነቅል እጁን ዘርግቷል፣ እጁም እንደተዘረጋች ቀርታለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

«አንደኛ ጊዜ ሲነበብ አይታይም» አላት።

ተመልሳ «አ»ዋን አጠፋችና ጻፈች። «አይ። ከግልባጩ ወደ ዋናው ቅዳ። ከግልባጩ ላይ አንዲት ፋይል እንዳትነካ። ካሁን በኋላም ሁልጊዜ ጠይቀኝ።» አዲሱ ዕቅድ መጣ። ሦስት ጊዜ አነበበችው፣ ወንድሟም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሯት አነበበ። ከዚያ «አዎ» አለች።

ፋይሎቹ መመለስ ጀመሩ። መቶ፣ ሺህ፣ አሥር ሺህ። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ሴትዮዋ የሰውየውን ውጤት ስታገኝ «ተመስገን» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ሮጠች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሷና እሱ ጎን ለጎን ቆመው አልተነካኩም፣ በመሃላቸው ያለችው የአንድ ስንዝር አየር ግን ታቃጥል ነበር።

*

ወንድሟ የስንብት ደብዳቤውን አልቀደደውም። እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለም። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ያን ማስታወሻ ለማን ነው የጻፍከው?» አለ።

«ለሚያነበው ሰው።»

«ያነበብኩት እኔ ነኝ።» ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። «አደራ ብለሃል። አልቆጣትም።» በሩ ላይ ደርሶ፣ ዞር ሳይል፣ «የስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጥህ። ሰኞ ሥራ ገበታህ ላይ እጠብቅሃለሁ» ብሎ ወጣ። ከሱ አፍ ይህን ያህል ማግኘት ብዙ ነው።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ይቅር በለኝ» አለች።

«ማጥፋትሽን እኮ ትናንትም ይቅር ብያለሁ። ትቸኩያለሽ፣ አውቃለሁ፣ አውቄ ነው የወደድኩሽ።» ሻንጣውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ወንድምሽ ‹አንተ ነህ› ሲለኝ አልከፋኝም። እሱ አያውቀኝም። ሌላው ሰው ቢያምንም ግድ የለኝም። አንቺ አመንሽ። አምስት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ስመጣ ምን እንደምልሽ አልነበረም የማስበው። አንቺ ‹እሱ አያደርገውም› ስትዪ ነበር የሚታየኝ።»

ዱላ ቢሆን በቻለችው።

«ቁልፌን አጥፊው» አላት።

አበቃ ማለት ነው። ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፣ እሱም ተከትሏት መጣ። እሺ ባዩን አዘዘችው። «ይህን ካጠፋሁ በኋላ ከዚህ ኮምፒውተር በዚህ ሰው ስም መግባት አይቻልም። ልፈጽም?» ሦስት ጊዜ አነበበችው፣ ሦስቱንም ጊዜ እንዳያልቅ እየለመነች። አዎ አለች። ቁልፉ ጠፋ።

«አሁን የራስሽን ስጪኝ።»

ቀና አለች።

«የድርጅቱን ማሽን ወንድምሽ ይከፍትልሽ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ጠረጴዛዬ ሥር ያለችው አሮጌ ማሽን ግን የማንም አይደለችም፣ የኔ ናት። ከእንግዲህ በኔ ስም አትግቢ።» ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በይለፍ ቃሉ ገብቶ ቀስ እያለ የሷን ቁልፍ ወደዚያች ማሽን ላከ። ሦስት ጊዜ አነበበና «ኢንተር» ተጫነ። «በራስሽ ስም ግቢ።»

ከስሙ ጀርባ ተደብቃ ሰባት ወር መውደዷን ያኔ ነው ያወቀችው። ደብዳቤው በኮፍያ ሥር፣ መግቢያዋ በሱ ቁልፍ፣ ጥፋቷ በሱ ስም።

«እዚያ አንድ ደብዳቤ አለ» አለ ሻንጣውን እያነሳ። «‹ስትሰሚው ትገረሚያለሽ› ያልኩሽ እሱ ነው። የጻፍኩት ከትናንት በፊት ነው። ዛሬ ብጽፈው እንደዚያ አልጽፈውም ይሆናል። ግን አላጠፋሁትም።»

ሄደ። በመስኮቱ አየችው። አባቱ በዚህኛው ጊዜ መዝገቡን አልዘረጉም፤ ልጃቸውን አቅፈው ያዙት፣ ረጅም።

እሺ ባዩን ዘጋችው። የትእዛዝ መጻፊያውን ጥቁር ገጽ ከፍታ ትእዛዙን በገዛ እጇ ጻፈች፣ ፊደል በፊደል፣ ሳትቸኩል። ሩቅ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ሥር ያለች አሮጌ ማሽን ስሟን መዘገበችና በሯን ከፈተች። ደብዳቤው ለወንድሟ የተጻፈ ነበር። «እህትዎን እወዳታለሁ። ተደብቄ መውደድ ሰልችቶኛል። ከፊትዎ ቆሜ ልጠይቅዎ እመጣለሁ።» ከሥሩ ግን ለሷ አንድ መስመር አለ። «ወንድምሽን ከመጠየቄ በፊት አንቺን ልጠይቅ። ታገቢኛለሽ?»

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አስቀመጠች። አንድ ጊዜ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አውቶቡሱ ከመንገዱ ማዶ ጥሩንባውን ነፋ፣ እሷ ግን አልተነሳችም፣ እስከ መጨረሻዋ ፊደል አነበበችው። ከዚያ በደብዳቤው ሥር፣ ማሽኗ በስሟ እየመዘገበችላት፣ መልሷን ጻፈች።

«አዎ። ስትመጣ ደግመህ ጠይቀኝ።»